የአያ ስንሻው ቋጠሮ

«አፍሽ ኪራይ የሚከፍል ቢሆን ኖሮ ይህ ቤት ዛሬ ያንቺ ነበር» አሉኝ አያ ስንሻው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

እንዲህ ያሉኝ ጣራዎ ያፈሳል ስላልኋቸው ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ የአራት ወር ኪራይ ሊጠይቁ መጥተው ነው። «ዝናቡ አልጋችን ላይ እያደረ የምን ኪራይ ይጠይቁናል? እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስናጠራቅም ስለምናድር እርስዎ ነዎት የሚከፍሉን» አልኋቸው። እናቴ ከውስጥ «ኧረ አንቺ ልጅ» ብላ ሳትጨርስ ያን ቃል ተናገሩኝ። ከዚያ ለበቅሎ እንደሚደረገው ምላሳቸውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርገው ሄዱ።

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ከቡሬ በርበሬ ይዞ የመጣ ሰው «አያ ስንሻው አረፉ እኮ፤ አርባቸውም ወጣ» አለኝ። በርበሬውን በጠራው ዋጋ ገዛሁት። እኔ ደግሞ እንኳን በርበሬ ጨውም ሳልከራከር ገዝቼ አላውቅም።

አያ ስንሻው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ዓባይን ተሻግረው ከወለጋ ቡና እየጫኑ ቡሬ ያራግፉ ነበር። ጣሊያን ገብቶ መንገዱ ሲዘጋ በቅሎዎቻቸውን ሸጡ፤ ጋጣውን ከፋፍለው በጭቃ አስመረጉና ቤት አከራይ ሆኑ። ጋጣው ቤት ይሁን እንጂ ስሙ አልተለወጠም። እያንዳንዱ ክፍል ድሮ እዚያ ትታሰር በነበረችው በቅሎ ስም ነበር የሚጠራው። እኔና እናቴ የነበርነው ዳማ ላይ ነው። ልብስ ሰፊው አድማሱ ቦራ ላይ ነበር። በመንገዱ በኩል ያለችው ሰፊዋ ክፍል ሐመር ትባላለች። የሚከራየውም ሰው ውሎ ሳያድር የራሱ ስም ይጠፋና የበቅሎዋ ስም ይወጣለታል። እናቴ ኪራይ ስታዘገይ «ዳማ ዘንድሮ ዳገቱ ከበዳት» ይላሉ። አንድ ቀን እናቴን በቅሎ አሏት ብዬ ተነሣሁባቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ዳማ በስምንት ዓመት አንድ ቀን ጭነት ጥላ አታውቅም። እኔ እናትሽን ያመሰገንሁ መስሎኝ ነበር።»

እኛ ቡሬ የገባነው የገጠሩ ቤታችን ከተቃጠለ በኋላ ነው። አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቷል። እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ነበርሁ፤ ተዘግቶ ነው የተመለስሁት። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ትሸጣለች፤ ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ለኪራይ አይተርፍም። ደምበጫ ደግሞ ለጣሊያን አድሮ የተሾመ አጎት ነበረኝ፤ የእናቴ ወንድም። «ከኪራይ ቤት የወጣችሁ ዕለት በቅሎ ይዤ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» እያለ ይልካል። መሄዱ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። አለቃው የሆነ አንድ ባሻ አለ፤ ሦስት ሚስት የቀበረ፣ ሁለት ጥርስ የቀረው። አጎቴ ቃሉን ሰጥቶታል። ስለዚህ ለኛ ኪራይ እንዲሁ ኪራይ አልነበረም። ከዚያ ግቢ ከወጣን እኔ ሙሽራ ነበርሁ።

አያ ስንሻው ማንንም ከቤት አስወጥተው አያውቁም። «እኔ በቅሎ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም» ይሉ ነበር። ግን ኪራያቸውንም መተው አይሆንላቸውም። ድሮ ቢሆን ባለዕዳ የሚያዘው ንጉሥ ይሙት ተብሎ ነበር፤ ይህን የተባለ ሰው ካለበት አይነቃነቅም። አያ ስንሻው አሁን ይህም ቀረባቸው። ደጃችን ላይ ተቀምጠው ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ይውላሉ።

«በማን ልያዛችሁ? የኛን ንጉሥ ብጠራ ጣሊያን ይሰቅለኛል። የነሱ ንጉሥ ይሙት ብዬ ብይዛችሁ ደግሞ ማን ይቆምልኛል? ሁላችሁም ይሙታ ብላችሁ መንገዳችሁን ትሄዳላችሁ።»

የቀራቸው ቁራኛ ነበር። የባለገንዘቡ ጋቢ ጫፍ ከባለዕዳው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጠራል፤ ሁለቱ እንደተያያዙ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። የሚፈታቸው ወይ ዳኛ ነው ወይ ዋስ። ነጠላውን ጥሎ የሮጠ ሰው በሀገሩ ቀና ብሎ አይሄድም። አያ ስንሻው የሚቋጥሩት ደግሞ የነጋዴ ቋጠሮ ነበር፣ ጭነት የሚታሰርበት። በጥርስም በወስፌም አይፈታም ይባላል።

ስሕተታቸው አንድ ነበር። መቋጠሩን እንጂ መድረሻውን አላሰቡትም። ከቡሬ ዳኞች ግማሾቹ ዱር ገብተዋል፤ ግማሾቹ ጣሊያን ቢሮ ይውላሉ። አያ ስንሻው ደግሞ ጣሊያን ፊት ቆሜ «ይፈረድልኝ» አልልም ብለው ምለዋል። ይህ ትዝ ያላቸው መጀመሪያ አድማሱን ከቋጠሩት በኋላ ነው።

«በሉ ወዴት እንሂድ፣ አያ ስንሻው?» አለ አድማሱ።

አያ ስንሻው መንገዱን ወደ ላይ አዩት፣ ወደ ታች አዩት።

«እንግዲያው እኔ ሥራ አለብኝ» ብሎ አድማሱ የስፌት መኪናው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሌላ ምን ይሆናሉ? ረፋዱ ላይ እጃቸው ሥራ ቢያጣ የመኪናውን እጀታ ይዘው ማዞር ጀመሩ። አድማሱ በሁለት እጁ ጨርቁን እየያዘ በአንድ ቀን የሁለት ቀን ስፌት ሰፋ። የተቋጠሩትን ሰዎች ሊያይ የመጣው ሁሉ የተቀደደ ሱሪ እየጣለ ይሄዳል። ዓርብ ዕለት ኪራዩ ተከፈለ። አያ ስንሻው አድማሱን ጓዳ ይዘውት ገቡና ፈትተውት ወጡ፤ አፈታቱን ያየ የለም።

በሚቀጥለው ወር አድማሱ ሆን ብሎ ኪራይ አቆየ።

የኛ ተራ የደረሰው መስከረም ላይ ነው። ስድስት ወር ሞልቶናል።

«እመት የሺ፣ እንግዲህ አይቀየሙኝ» አሉ አያ ስንሻው የጋቢያቸውን ጫፍ እንደያዙ።

«እሷን ጉልበቷን ያማታል፤ እኔን ይቋጥሩኝ» አልሁ።

«አንቺን? ሴት ልጅ አንጠልጥዬ ቡሬ ገበያ ላይ ብታይ ምን ይሉኛል?»

«ያሉትን ይበሉ። ወይ ይቋጥሩኝ ወይ ይተዉን።»

እናቴን አዩዋት። እናቴ ቀና ሳትል መፍተሏን ቀጠለች። ቋጠሩኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ፈጠም ወንዝ ወርጄ ውሃ ቀድቼ መጣሁ፤ አያ ስንሻው ከኋላዬ። እንጨት ለቀማ ሄድሁ፤ አያ ስንሻው ከኋላዬ። ገበያ ወጣሁ፣ ጥጥ አይቼ ሳይስማማኝ ሌላ ጥጥ ፍለጋ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አካለልሁት።

«ቀስ በይ፣ አንቺ ተማሪ» አሉኝ እያለከለኩ።

«ሲራራ ነጋዴ አልነበሩም እንዴ? ወለጋ ድረስ ሲሄዱ የነበሩት ሰውዬ የት ሄዱ?»

«የምትሄደው በቅሎዋ ነበረች። እኔ እቀመጥባት ነበር።»

አንዲት በርበሬ ሻጭ ከሩቅ አየችንና «አያ ስንሻው፣ እንዲህ ያለ ድግስ ሲደርስ ጎረቤት አይጠራም?» አለቻቸው።

«የምን ድግስ፤ ኪራይ ነው» አሉ አያ ስንሻው።

«ውይ፣ እንግዲያው እኔም አለብኝ። በዚያኛው በኩል ይቋጥሩኝ።»

ማታ ማታ ነጠላዬን ከነቋጠሮው ትከሻቸው ላይ ትቼላቸው እገባለሁ፤ ጠዋት ቆመው ይጠብቁኛል፣ ገብቼበት እንወጣለን። በአራተኛው ቀን ፈጠም ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተቱ።

«ዋስ ጥሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «ማንንም ይሁን ጥሪ። እግሬ አለቀ።»

«ዋስ የለኝም።»

«አድማሱን ጥሪው።»

«አድማሱ ራሱ ያለበትን መች ከፈለ? ለመቋጠር ተራ እየጠበቀ ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው እግራቸውን አሹ። እኔ ግን ሰው ሲያዝን አይቼ ዝም ማለት አልችልበትም። «ሐመር ኪራይ ካልከፈለ ስምንት ወር ሆነው፤ አንድ ቀን በሩን አላንኳኩም» አልኋቸው።

ሐመር ላይ የተከራየው ካርሎ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር፤ ወታደር አይደለም፣ ካሚዮን ነጂ ነው።

«ሽጉጥ አለው» አሉኝ።

«እኔም ሽጉጥ ቢኖረኝ አልከፍልም ነበር ማለት ነው?»

ምላሳቸውን ቀጭ ቀጭ አድርገው እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

በማግስቱ ካርሎ ካሚዮኑን ሲያጥብ አየን። ቋጠሮውን በጣቱ እያሳየ ምንድን ነው አለ። ትምህርት ቤት የተማርሁትን ጥቂት ፈረንሳይኛ ከመንገድ ከለቀምሁት ጣሊያንኛ ጋር ቀላቅዬ ነገርሁት። ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ፎቶግራፍ ማንሻ ያለውን ጓደኛውን ጠራና ያንገቱን ሻሽ ጫፍ ወደ አያ ስንሻው ዘረጋ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እኔንም ቋጥሩኝ ይላል። ለፎቶግራፍ።»

የሻሹን ጫፍ ያዙና ወደኔ አዩ። «ይቋጥሩት» አልኋቸው ዝቅ ብዬ። «እንደ ነጋዴ ይቋጥሩት።»

ቋጠሩት። በግራ እኔ፣ በቀኝ ካርሎ፣ መሐል ላይ አያ ስንሻው ሊሰቀል እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብለው፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። ካርሎ ስቆ ሲያበቃ ፍቱኝ ብሎ አመለከተ።

«ዋስ ይጥራ» አሉ አያ ስንሻው፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ።

አስተረጎምሁለት። ሳቀ። የስምንቱን ወር ጨመርሁለት። ሳቁ ቀነሰ። የመኪና ግራሶ በነካው እጁ ቋጠሮውን ታገለው፤ አልሆነም። ሻሹን ካንገቱ አውልቆ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ እያየው ነበር፣ ለካ ማፈር ጣሊያንም ያውቃል። «እንግዲያው ሥራ አለብኝ፤ አብረን እንሂድ» ብሎ ሁለታችንንም እየጎተተ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

አያ ስንሻው መኪና ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። በሁለት እጃቸው መቀመጫውን ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳገቱ ላይ ካሚዮኑ ማቃሰት ሲጀምር ግን ዓይናቸውን ገለጡና ምላሳቸውን ቀጭ ቀጭ አደረጉለት። ወጣው።

«አየሽ?» አሉኝ።

ገበያው መሐል የከተማው የጣሊያን ሹም መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ነበር። ሹሙ ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አየን፤ ወርዳችሁ ቁሙ አለ። ካርሎ እየሳቀ ሁሉንም ነገረው፤ ሹሙም አብሮት የሚስቅ መስሎት ነው። ሹሙ ግን አልሳቀም። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው።

«ክቡር ሹሙ ከሳሹ ይናገር ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «እውነት ከሆነ እዚሁ ፈርደው እዚሁ ያስከፍሉታል።»

ካርሎ ፊቱ ነጣ። ገበያተኛው ከበበን። የስምንት ወር ኪራይ ያለው አንዲት ቃል ላይ ነበር። እኔ «ይናገሩ እንጂ» ብዬ ነጠላዬን ጎተትሁ።

አያ ስንሻው ሕዝቡን አዩ። በርበሬ ሻጯን አዩ። ከዚያ በካርሎ በኩል ካለው ቋጠሮ አንዷን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጓት፤ ቋጠሮው እንደ ቅቤ ቀለጠ።

«ክስ የለኝም» አሉ። «ጎረቤቴ ነው። ስንጫወት ነው።»

ሹሙ ትከሻውን ነቅንቆ መኪናው ውስጥ ገባ። እኛ ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን።

«ስምንት ወር» አልኋቸው። «አንዲት ቃል ብቻ።»

«እሱ ዳኛ ከሚሆነኝ ካሚዮኑ ይርገጠኝ።» ግቢው በር ላይ ሲደርሱ የኔንም ፈቱት። «ሂጂ። ዋስሽ አባትሽ ነው፤ ሲመጣ ይከፍለኛል።» የአባቴን ነገር ካፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ካርሎ በሳምንቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ሐመር ውስጥ የተወላቸው አንድ ያለቀ ጎማ ብቻ ነው። አያ ስንሻው ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው ይቀመጡበት ጀመር። የቋጠሮው ነገር ደግሞ አበቃለት፤ መፈታቱን ገበያ ሙሉ ሰው አይቷል። አድማሱ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «አያ ስንሻው፣ ያቺን ጫፍ ለኔም ያሳዩኝ» ይላቸዋል። ኪራይ የሚከፍል ጠፋ። እሳቸውም መጠየቅ ተዉ።

አጎቴ የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ ጥቅምት ላይ፣ በቅሎና አሽከር ይዞ። ወሬው ደምበጫ ደርሶለታል። አያ ስንሻውን ጎማቸው ላይ እንደተቀመጡ እጅ ነሣቸውና በሰነፍ ልጅ የተቸገረ ሰው መስሎ አነጋገራቸው።

«እኅቴና ልጇ ስድስት ሰባት ወር አስቸግረዎታል አሉ። የሰባቱንም ይኸው። ዛሬውኑ ወስጄ እገላግልዎታለሁ።»

ሊሬውን ፊታቸው ዘረጋው። አያ ስንሻው ገንዘቡን አዩት፣ ብዙ ጊዜ አዩት። ስምንት ወር ተበልተዋል፣ ሐመር ባዶ ነው፣ ከማንም ሰባራ ሳንቲም አልገባም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣለች።

አያ ስንሻው ምላሳቸውን ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረጉ። ተነሥተው ወደኔ መጡ፤ የነጠላዬን ጫፍ ያዙና ከጋቢያቸው ጋር ቋጠሩት።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ አጎቴ።

«ልጅቱ ቁራኛ ናት።»

«ገንዘቡን ይኸው እያልሁዎት የምን ቁራኛ?»

«ገንዘቡስ ሸጋ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁራኛ ግን የሚፈታው ዳኛ ነው ወይ ዋስ።»

«እኔ አጎቷ ዋስ ነኝ።»

«ዋስ አላት። አባቷ ነው።»

«አባቷ የት አለና?»

«እሱን እርስዎ ያውቁ እንደሆነ እንጂ እኔ ቤት አከራይ ነኝ።»

አጎቴ ግራ ቀኙን አየ። «እንግዲያው ከሹሙ ዘንድ እንሂድና ይፍታት።»

«እንሂድ፤ ያውቀኛል። ታዲያ ዋሷ የት ነው ብሎ የጠየቀ እንደሆነ መላሹ እርስዎ ነዎት። አማችዎ አይደል?»

አጎቴ ከሹሙ ዘንድ የመሄዱን ነገር ሁለተኛ አላነሣም። «ያን ጣሊያን በእጅዎ እንደፈቱት ሰምቻለሁ» አለ። «ደምበጫ ድረስ ተወርቷል።»

«ሐሰት ነው» አለ አድማሱ ከቦራ ብቅ ብሎ፤ መርፌ አፉ ውስጥ ነበር። «እኔ እዚያው ነበርሁ። የፈታው ዳኛው ነው። ይህ ቋጠሮ በሰው እጅ አይፈታም፣ ጌታዬ።»

«አይፈታም ወንድሜ» አለች እናቴም።

አጎቴ ተንበርክኮ በጥፍሩ ሞከረው። ከዚያ በጥርሱ። የደምበጫ ሹም አያ ስንሻው ሆድ ሥር ተደፍቶ ጋቢ ሲያኝክ ማን ይስቅ፤ ሁላችንም መሬት መሬት አየን። መጨረሻ ላይ ቢላዋውን መዘዘ።

«ይቁረጡት» አሉ አያ ስንሻው ጋቢያቸውን እየገተሩለት። «ቁራኛ ቆረጠ ብሎ ሰው እንዴት እንደሚያወራ ግን ያውቃሉ። ወሬው ከእርስዎ በቅሎ ቀድሞ ደምበጫ ይገባል።»

ግቢው ሙሉ ሰው ወጥቶ ቆሟል። አጎቴ ቢላዋውን መለሰ። «እስኪፈታ እጠብቃለሁ» አለ።

«ይጠብቁ እንጂ። ሐመር ባዶ ናት። ኪራዩ ግን ቅድሚያ ነው።»

ከፈለ። ሊሬውን አያ ስንሻው ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱት።

ሁለት ቀን ጠበቀን። እኔና አያ ስንሻው ፈጠም ወረድን፣ ገበያ ወጣን፣ እንጨት ለቀምን፤ አጎቴ ሐመር በር ላይ ቆሞ ስንወጣ ስንገባ ያያል። አሁን ከፊት የሚሄዱት እኔ ሳልሆን እሳቸው ነበሩ፤ በየደረሱበት ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የጠየቃቸውን ሁሉ «ኪራይ ነው» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አጎቴ ባዶ በቅሎውን ስቦ ወጣ።

በሩ ላይ ቆመን አጎቴና አሽከሩ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እስኪታጠፉ አየናቸው። አያ ስንሻው አንዷን ጫፍ ሳብ አደረጉ።

«ለገና ኪራዬን» አሉኝ።

«ለጥምቀት» አልሁ። «ያውም ጣራው ከተሠራ።»

«ለገና።»

እንስራዬን አዝዬ ወደ ፈጠም ወረድሁ።